አማቴ ለቡና መጥራቱን ትተውኛል

«ሰላም እትዬ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ካገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። እኔና ባለቤቴ አማቴ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነን። አማቴ የዘጌ ሰው ናቸው፤ ቡናቸው ከገዛ ጓሯቸው ነው የሚመጣው። ጀበናው ውስጥ ቆንጠር አድርገው ጨው ይጨምራሉ። ጤና አዳምም አይጠፋም። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ሳድግ የለመድኩት ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው። እዚህ እንደመጣሁ ስኳር ብጠይቅ ‹ይኼ ቡና ስኳር ምን ይፈልጋል?› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ፈራሁ። በዚያ ላይ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ልቤ ይመታል፤ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ሳልጠጣ ብነሳ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ በረንዳው ጥግ እየተቀመጥኩ፣ ሰው ሳያየኝ ቡናውን አበባው መትከያ ውስጥ መድፋት ጀመርኩ። አንድ ቀን የባለቤቴ እህት ልጅ፣ የስድስት ዓመት ሕፃን ነው፣ ‹እማማ! ቡናውን ለአበባው አጠጣችው!› ብሎ ጮኸ። አማቴ ምንም አላሉም። ግን ይኸው ሦስት ሳምንት፣ ቡና ሲያፈሉ አይጠሩኝም። ሽታው እስከ ቤቴ ይመጣል። ባለቤቴ ‹ዝም ብለሽ ብትጠጪው ምን ነበር?› ይላል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ «ሽታው እስከ ቤቴ ይመጣል» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። የሚቆላ ቡና እየሸተተሽ፣ የሙቀጫው ድምፅ እየተሰማሽ፣ «ነይ ቡና ጠጪ» የሚልሽ ሲጠፋ ከባድ ነው። በየሰፈሩ የሰው መቀያየም የሚታወቀው በዚሁ አይደል? «እነ እገሌ ቡና መጠራራት ትተዋል» ከተባለ ነገሩ አለቀ። ስለዚህ ቀላል ነገር ነው ብዬ አላልፈውም።

ስኳር መውደድሽ ጥፋት አይደለም። አማትሽም ጨው መውደዳቸው ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የተደፋው ቡና ነው። ይህን ሳላለሳልስ የምነግርሽ፣ የተደፋው ምን እንደሆነ ገና በደንብ የገባሽ ስላልመሰለኝ ነው።

ዘጌ ሄደሽ ታውቂያለሽ? ካልሄድሽ ሂጂ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከጀልባ ወርደሽ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በእግርሽ ስትወጪ ግራና ቀኙ ቡና ነው። እንደ ማሳ ተዘርግቶ አታይውም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ጫካው መሃል ነው ያለው። አገሬው ሲያወራ፣ አቡነ በትረ ማርያም በዚያ ምድር በሬ ተጠምዶ እንዳይታረስ ከልክለው፣ በምትኩ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሰጡን ይላል። እንግዲህ እህል በማይታረስበት አገር ጤፉ የሚገዛው፣ ልጅ የሚማረው ከቡናውና ከጌሾው በሚገኝ ገንዘብ ነው። ድሮ በደንገል ታንኳ ተጭኖ ነበር ባሕር ዳር ገበያ የሚደርሰው። ለአማትሽ ቡና ጓሮ የበቀለ ትርፍ ነገር አይደለም። እርሻቸው ነው።

ልፋቱን ደግሞ አስቢው። እሸቱ ሲቀላ በእጅ ይለቀማል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ስጡ ለሳምንታት እየተገላበጠ፣ ደመና ሲመጣ እየተሰበሰበ ይከርማል። ደርቆ ጀንፈል ሲሆን ይፈለፈላል። ከዚያ እንደገና ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ነው አንቺ ጋ የሚደርሰው። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ቡና አበባ ሥር ሲያገኙት «ስኳር አነሰኝ» ማለትሽ መሆኑን እንዴት ይወቁ? «ቤታችሁን ንቄዋለሁ» ያልሽ ነው የሚመስላቸው። ዝም ያሉትም ለዚህ ይመስለኛል። የተናደደ ሰው ይናገራል። እሳቸው ግን ያዘኑ ነው የሚመስለኝ።

«ይኼ ቡና ስኳር ምን ይፈልጋል?» ያሉሽንም እንደ ቁጣ አትስሚው። ከነፍሬው ፀሐይ ላይ የደረቀ ቡና ከታጠበው ቡና ይልቅ የፍራፍሬ ቃና ይኖረዋል፤ ጣፈጥ ያለ ነገርም አለው። ዕድሜ ልካቸውን የጠጡት ስለሆነ እሳቸው ያንን ጣዕም ምላሳቸው ላይ ያገኙታል። ስኳር ሲበዛ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ምናልባት «ጣዕሙን አትሸፍኚብኝ» ማለታቸው ይሆናል።

አሁን ወደ አንቺ ምላስ ልምጣ። ያንቺም ምላስ አልዋሸሽም። ካፌይን በራሱ መራራ ነው። ቡናው ጠቆር ብሎ ሲቆላ ምሬቱ ይብሳል። ምሬት ደግሞ ለሁሉም ሰው እኩል አይሰማም፤ ከተፈጥሮው ምሬት የሚበረታበት ሰው አለ። ስለዚህ «ለምን አትለምጂውም?» የሚልሽ ሰው ያንቺን ምላስ ስለማያውቅ ነው።

ስለ ጨዉ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እኔ ራሴ ሳውቀው ደስ ያለኝ ነገር ነው። ቡና ላይ ቆንጠር ተደርጎ የሚጨመር ጨው ቡናውን ጨው ጨው እንዲል አይደለም። ትንሽ ጨው ምላስ ላይ የምሬትን ስሜት ያዳክማል። ይህ ተጠንቶ የታወቀ ነገር ነው። እናቶቻችን ያለ ማንም ጥናት ደርሰውበታል። እና አየሽ፣ አንቺ በሦስት ማንኪያ ስኳር የምታባርሪውን ምሬት እሳቸው በቆንጥር ጨው ያባርሩታል። ሁለታችሁም የምትሸሹት አንዱን ነገር ነው።

ለምን እሳቸው ጨው፣ አንቺ ስኳር? ጨው በዚህ አገር የኖረ ነገር ነው። አሞሌ ጨው በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ስኳር ግን ለብዙው ሰው ቤት እንግዳ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። የአማትሽ እናት ጀበና ሲጥዱ ስኳር ከጓዳ የሚወጣ ዕቃ የነበረ አይመስለኝም። ቡናው ራሱም ቢሆን፣ ከአፄ ምኒልክ ዘመን በፊት ብዙው የደጋ ክርስቲያን አይጠጣውም ነበር፤ ይነቀፍ ነበር። ስለዚህ «የቡና ደንቡ ይኼ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ አትደንግጪ። ደንቡ ሲቀየር ነው የኖረው። በቅቤ የሚጠጣ አገር አለ። ቅጠሉን አፍልቶ የሚጠጣ አለ። እዚሁ ከተማችን ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ጀበና ይዛ የተቀመጠች ልጅ «በስኳር ነው ያለ ስኳር?» ብላ ትጠይቅሻለች እንጂ አትገምትም። በፍስክ ማኪያቶ፣ በጾም ጥቁር የሚጠጣ አለ። ሻይና ቡናውን ቀላቅሎ ስፕሪስ የሚል አለ። ማንም አይቀየምም። ለምን? ስለሚናገሩ ነው።

እኔም ላይ የደረሰ ነገር አለ። አንዲት የምወዳት ጎረቤቴ ቡና ስትቀዳ ለሁላችንም አስቀድማ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ትጨምር ነበር። እኔ ስኳር በቡና አልወድም። የመጀመሪያ ቀን «ዛሬ ይለፍ» አልኩ። ሁለተኛው ቀን መጣ። ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ ወር። ሁለት ዓመት ጠጣሁት። በመጨረሻ አንድ ቀን ደፍሬ ስናገር ፊቷ ልውጥ አለ። ስኳሩ አልነበረም ያስከፋት። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ ስትመጪ እየከበደሽ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እሷ ትወደኝ ብዬ የደበቅኩት ነገር እሷን ባይተዋር አደረጋት። በማግስቱ የስኳሩን ዕቃ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠችው፤ እያንዳንዱ ለራሱ ይጨምር ጀመር። ይኸው ነበር መፍትሔው። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ነበር።

አሁን የልብሽን ነገር እንይ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

«ከቅርብ ጊዜ ወዲህ» ብለሻል። ድሮ ቡና ምንም የማይልሽ ከነበርሽ የተለወጠው ምንድን ነው? በጤነኛ ሰው ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣሽው ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ገና ግማሹ ሰውነትሽ ውስጥ ነው ማለት ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴት ላይ ይህ ጊዜ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ፣ በተለይ ወሩ ሲገፋ፣ ከዚያም ይረዝማል። አዲስ ሙሽራ ነሽና ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ክኒን ጀምረሽ ከሆነ ያው አንድ ስኒ ዛሬ እንደ ዱሮው ሁለት ስኒ ሊያስቸግርሽ ይችላል። የወር አበባሽ ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ሳትዘገዪ ተመርመሪ። ለነፍሰ ጡር የሚመከረው በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳይበልጥ ነው፤ ለሌላው ጤነኛ ሰው እስከ 400 ነው። የጀበና ቡና ደግሞ ስኒዋ ትንሽ ብትሆንም ወፍራም ነው። ጤና አዳምም ለነፍሰ ጡር በብዛት አይመከርም። የአይረን ክኒን ከተሰጠሽ ከቡና ጋር አትዋጪው፤ ቡና ሰውነት አይረኑን እንዳይወስድ ያውካል። የልብ ምቱ ቡና ባልጠጣሽበት ቀን ከመጣ ወይም ካዞረሽ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ተዪውና ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ስኳሩንም ሳልነካው አላልፍም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ በሦስት ስኒ 36 ግራም መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ብትቀንሺ ምላስሽ ይከተልሻል። ግን ለራስሽ ጤና ብለሽ ይሁን። አማትሽን ለማስደሰት ብለሽ አታድርጊው።

ሳይጠጡ መነሳት ነውር ነው ያልሽው ላይ ግን ትንሽ እንነጋገር። ሦስቱን ስኒ አስቢያቸው። አቦል የሚቀዳው አዲስ ከተወቀጠው ቡና ነው። ቶናው ያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ይፈላል። በረካው ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። ኃይሉ ያለው አቦሉ ላይ ነው፤ እየቆየ እየቀጠነ ይሄዳል። ምርቃቱ ግን የት ነው? በረካው ላይ ነው። እና ላንቺ ልብ የሚስማማው ስኒና ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ስኒ አንድ ናቸው። አቦሉን «ለእኔ ጉንጭ ያህል» በይ። ቶናውን እለፊው። በረካውን ጠጪ፤ ከምርቃቱም «አሜን» በይ። ቡናው ጠዋት ከሆነ ደግሞ ለሌሊቱ እንቅልፍሽ የተሻለ ነው። ማንም ከቡናው ተነሳች አይልሽም። ነውሩ ስኒ መቁጠር ላይ አልነበረም። ሰውን ትቶ መሄዱ ላይ ነው።

ወደ ይቅርታው። ራስሽ ሂጂ። ባለቤትሽን አትላኪ። እሱ ይናገርልኝ ካልሽ አማትሽ ልጃቸው ፊት ተከሰው የቆሙ ያህል ይሰማቸዋል። ቡና ከመፈላቱ በፊት፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግቢ። ባዶ እጅሽን አይሁን። ዳቦ ጋግሪ። ስኳር ይዘሽ አትሂጂ፤ ዛሬ ቀኑ አይደለም።

ምን ልበል ካልሽ እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦ «እማማ፣ ቡናውን የደፋሁት ንቄ አይደለም። ልቤ እየመታብኝ ነበር፤ ምላሴም ስኳር ለምዷል። መናገር ፈርቼ ነው። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።» በቃ። «እርስዎም ስኳር ሲከለክሉኝ ጊዜ» የሚል ነገር እንዳይወጣሽ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለዛሬ ግን ይቆይ። ይቅርታ ውስጥ ክስ ከገባ ሰው የሚሰማው ክሱን ብቻ ነው።

ዝም ሊሉሽ ይችላሉ። «ምን ነካሽ፣ እኔ መቼ ተቀየምኩ» ሊሉሽም ይችላሉ፤ ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ይላሉ። አትከራከሪ። ዳቦውን አስቀምጪና «ዛሬ ቡናውን እኔ ልቁላ?» በያቸው። ከሁሉም ይልቅ የምወደው ይህን ነው። ምጣዱ አጠገብ ሆነሽ አቆላላቸውን ጠይቂ። የት ላይ ከእሳት ያወጡታል? ሲንጣጣ ነው ወይስ ወዙ ብቅ ሲል? ትንሽ ቀደም ብሎ የወጣ ቡና ምሬቱ ይቀንሳል፤ ምናልባት ለሁለታችሁም የሚስማማ አቆላል ታገኙ ይሆናል። ቆልተሽ ስትጨርሺ ጭሱን መጀመሪያ ለእሳቸው አቅርቢላቸው። ያን ጊዜ የዘጌን ነገር ጠይቂያቸው። ከልብሽ ጠይቂ፤ የሚያወሩሽ ብዙ ነገር አላቸው።

ከዚያ ጀበናው ሊጣድ ሲል ነው ትንሿን ጥያቄ የምትጠይቂው፦ «እማማ፣ ጨዉንና ጤና አዳሙን ጀበናው ውስጥ ከሚሆን ስኒው ላይ ብናደርገው ምን ይመስልዎታል?» ይኼው ነው። እሳቸው ስኒ ላይ ቆንጥር ጨውና የጤና አዳም ቀንበጥ ይገባል። ያንቺ ላይ ስኳር። የባለቤትሽ እንደ ወደደው። ቡናው ያው አንድ ቡና ነው። ተቀድቶ ሲሰጥሽ ግን ስኳር ከመጨመርሽ በፊት አንድ ጊዜ ፉት በይለት። እንዲያው። ለይሉኝታ አይደለም፤ የዚያን ጫካ ጣዕም ሳታውቂው እንዳትቀሪ ብዬ ነው። ከዚያ ስኳርሽን ጨምሪ፤ በግልጽ፣ እሳቸው እያዩ።

እምቢ ካሉስ? «ጨው ጀበናው ውስጥ ካልገባ አይሆንም» ቢሉስ? ያን ጊዜም ጉንጭ ያህሉን ትጠጫለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ትጫወቻለሽ፣ ስኳር ያለበትን ቡናሽን ቤትሽ ታፈያለሽ። አንድ ቀን አንቺም ትጠሪያቸዋለሽ። ጨዉንና ጤና አዳሙን አዘጋጅተሽ ጠብቂያቸው።

ባለቤትሽን በሚመለከት ብዙ አልልም። «ዝም ብለሽ ጠጪ» ማለቱን ይተው። ልብሽ እንደሚመታ ነግረሽዋል? ካልነገርሽው ዛሬ ማታ ንገሪው። ክኒንም ይሁን እርግዝና፣ እሱም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

አንድ የቀረኝ አለ። ያን ሕፃን እንዳትቆጪው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ ፊቱን ያዞረበት እንዳይመስለው እፈራለሁ። ያየውን ነው የተናገረው። አስታራቂ ቡናው በሚፈላበት ቀን ጥሪው፤ ፈንዲሻውን እሱ ያዙር። አበባውንም አብራችሁ ውሃ አጠጡት።